በጦርነት ዘመን የዘመሩ ልጅ ሶፕራኖዎች፦ ስለ ሙያቸው አጀማመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምንናገረው ከ1939 እስከ 1945 በቆየው ጦርነት፣ ድምፃቸው ገና ሳይጎረንን በአውሮፓና በአውስትራሊያ ስለዘመሩ ወንዶች ልጆች ነው። አብዛኞቹን ጥያቄዎች የሚያቀርቡልን አንድ የቆየ ሸክላ ሰምተው "ይህ ልጅ ማን ነበር? ከዚያስ ምን ሆነ?" የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ልጅ ሶፕራኖ ማለት ምን ማለት ነው?

ሶፕራኖ ከሰው ድምፅ ሁሉ ከፍተኛው ነው። በአዋቂዎች ዘንድ የሴቶች ድምፅ ሲሆን፣ ወንድ ልጅም ጉርምስና እስኪጀምረው ድረስ ያንኑ ከፍታ ያለ ችግር ይወጣዋል። በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ ትሬብል ይባላል። በቅዳሴ ሰዓት የአንድ ትንሽ ዲያቆን ድምፅ ከትልልቆቹ ካህናት ድምፅ በላይ ብቻውን ሲወጣ የሰማ ሰው፣ ያ ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥና እንደሚያጽናና ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በእንግሊዝ ካቴድራሎች ልማድ ልጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ይፈተናል። ካለፈ ወደ መዘምራን ትምህርት ቤት ይገባል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከትልልቆቹ ልጆች ጎን ቆሞ፣ እያዳመጠ፣ ትንፋሹን መቆጠብና ኖታ ማንበብ ይማራል። ብቻውን እንዲዘምር የሚታመንበት በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው።

ጦርነት ሁሉንም ሙዚቀኛ ጎድቷል። ስለ ልጅ ሶፕራኖዎች ለብቻ መናገር ለምን አስፈለገ?

የዚህ ገጽ ጉዳይ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ጦርነቱ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1939 የሃያ አምስት ዓመት ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘማሪ) የነበረ ሰው፣ ከሞት ከተረፈ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተመልሶ መድረክ ላይ መውጣት ይችላል። የተቋረጠበትን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ድምፁ ገና እየበሰለ ነው። በዚያው ዓመት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ሰላም ሲወርድ አሥራ አራት ሆኖታል። ፈተናው፣ ትምህርቱ፣ የመጀመሪያ ሶሎው፣ የመጨረሻ መዝሙሩ በሙሉ በጦርነቱ ውስጥ አልቋል። ለሌላው ዘማሪ ጦርነቱ የተቋረጠ ጊዜ ነበር፤ ለእርሱ ግን የሙያ ዘመኑ በሙሉ ነበር። ካሳ የሌለው ኪሳራ ነው፤ ስለዚህም ታሪካቸው ከትልልቆቹ ታሪክ ሥር ተጨማሪ አንቀጽ ሆኖ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ከጦርነቱ በፊት ምሳሌ የሆናቸው ማን ነበር?

ኤርነስት ላፍ። በለንደን የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አባል ሲሆን፣ በመጋቢት 1927 የሜንደልሶንን "ጸሎቴን ስማ" የተባለ መዝሙር በኦርጋን ተጫዋቹ በጆርጅ ታልበን ቦል መሪነት ዘመረ። የመቅጃ መሣሪያው በመኪና ተጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ፤ በኤሌክትሪክ መቅዳት ከተጀመረ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነበርና በድንጋይ ግድግዳዎቹ መካከል የሚያስተጋባውን ድምፅ እንዳለ መያዝ ተቻለ። መዝሙሩ የአንዱን ሸክላ ሁለት ገጽ ሞላ። ሸክላው በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፤ በዘመናት ውስጥ ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ቅጂዎቹ የሚታተሙበት ዋናው ቅርጽ ከብዛት የተነሣ በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀና በ1928 እንደገና መቅዳት ግድ ሆነ። ላፍ በመጀመሪያው ቅጂ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ጎርንኖ ቢሆን ኖሮ ገንዘብም ሆነ ዝና ሊመልሰው አይችልም ነበር። አልጎረነነም፤ እንደገና ዘመረው። በኋላ ባሪቶን፣ ማለትም መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው ዘማሪ፣ ሆኖ በዚያው ቤተ ክርስቲያን መዘመሩን ቀጥሏል።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ድምፅ ያለው ልጅ የወለደ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ሸክላ እያሰበ ነው ያሳደገው። ሸክላው የተቀዳበት የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ግን በግንቦት 10 ቀን 1941 ሌሊት በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጠለ።

ልጆቹ በለንደን ቆይተው ዘምረዋል ወይስ ተወስደዋል?

አብዛኞቹ ተወስደዋል። በመስከረም 1939 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ልጆችን ከትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ሲያሸሽ የመዘምራን ትምህርት ቤቶችም አብረው ተንቀሳቀሱ። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ልጆች እስከ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ ወደምትገኘው ትሩሮ ተወሰዱ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም በዚያ ቆዩ። በጥቅምት 1940 አንድ ቦምብ የካቴድራሉን ጣራ በስቶ ዋናውን መንበር ሲያፈርስ ልጆቹ በቦታው አልነበሩም። የዌስትሚንስተር አቢ የመዘምራን ትምህርት ቤት ደግሞ በጦርነቱ መካከል ተዘግቶ የተከፈተው ከሰላም በኋላ ነው።

መወሰድ ሕይወታቸውን አተረፈ፤ ይህን ማንም አይክድም። ሙያቸውን ግን ከሥሩ ነካው። ልጅ ሶፕራኖ ድምፁን የሚያሠለጥነው ለአንድ ሕንፃ ነው። ትንፋሹን የት እንደሚጨርስ፣ ቃሉን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያስተምረው የጣራው ከፍታና የድንጋዩ ማስተጋባት ነው። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ኦርጋን ማለት እንደገና መጀመር ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የመዘምራኑ ግማሽ ጎደለ፤ ቴነርና ቤዝ (ዝቅተኛውን የወንድ ድምፅ) የሚዘምሩት ወጣት ወንዶች ለውትድርና ተጠርተዋል። ብዙ ቦታ ልጆቹ የዘመሩት ዕድሜያቸው ለጦርነት ካለፈ ጥቂት አዛውንት ጋር ነበር።

ሬዲዮ ምን ድርሻ ነበረው?

ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያልቻለ ሰው፣ በመርከብ ላይ ያለ ባሕረኛ፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሰፈረ ወታደር እነዚህን ድምፆች የሚያገኘው በቢቢሲ በኩል ነበር።

ከሁሉ የሚታወቀው በካምብሪጅ የኪንግስ ኮሌጅ የገና ዋዜማ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ራሱ የጦርነት ልጅ ነው፤ በ1918፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ በስድስተኛው ሳምንት፣ የሠራዊት ቄስ ሆነው ባገለገሉት በኤሪክ ሚልነር ዋይት ተጀመረ። ከ1919 ጀምሮ የመግቢያው መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ በአንድ ልጅ ብቻ፣ ያለ ምንም መሣሪያ እየተዘመረ ይከፈታል። በሬዲዮ መተላለፍ የጀመረው በ1928 ነው።

በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ሥርጭቱ አልተቋረጠም። የጸሎት ቤቱ የጥንት ባለ ቀለም መስተዋቶች ከቦምብ ለመትረፍ ወልቀው ተወስደው ስለነበር የታኅሣሥ ብርድ እንዳሻው ይገባ ነበር። የመዘምራኑ መሪ ቦሪስ ኦርድ ወደ አየር ኃይል ስለሄደ በቦታው ሃሮልድ ዳርክ ተተካ። ለጥንቃቄ ሲባል የቦታው ስም በሬዲዮ አይነገርም ነበር። እስቲ አስቡት፦ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊት ብቻውን ይከፍታል፤ ስሙ አይታወቅም፣ ያለበት ስፍራ እንኳ አይታወቅም። ለትልቅ ዘማሪ እንዲህ ያለ ቀን የዝና መጀመሪያ በሆነ ነበር።

ኮቬንትሪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለምን ይነሣል?

የኮቬንትሪ ካቴድራል በኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት ተደብድቦ ግድግዳው ብቻ ቀረ። በዚያው ዓመት የገና ዕለት ቢቢሲ ከፍርስራሹ ውስጥ ዝግጅት አስተላለፈ፤ የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ሪቻርድ ሃዋርድ ስለ ይቅርታ ሰበኩ፤ የከተማዋን ስም የያዘው ጥንታዊ የኮቬንትሪ የገና መዝሙርም ተዘመረ። ይህ መዝሙር ሄሮድስ ያስገደላቸውን ሕፃናት የሚያለቅስ የእናቶች እሹሩሩ ነው። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሳምንት ከዚህ የተሻለ የሚመጥን መዝሙር አልነበረም።

ለወንዶች ልጆች ድምፅ በጦርነቱ ወቅት አዲስ ሙዚቃ የጻፈ ነበር?

ነበር፤ እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቤንጃሚን ብሪተን። በ1942 የጸደይ ወራት ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በሚያድኑበት በአትላንቲክ ላይ በጭነት መርከብ ተሳፍሮ፣ ለልጆች ድምፅና ለበገና መሰል መሣሪያው ለሃርፕ የተጻፉ የገና መዝሙሮችን አቀናበረ። በመጨረሻ ቅርጹ በታኅሣሥ 1943 በለንደን ዊግሞር አዳራሽ የዘመሩለት የካቴድራል ልጆች አልነበሩም። በአይቮር ሲምስ የሚመሩት የሞሪስተን ልጆች ነበሩ። ሞሪስተን በዌልስ የስዋንሲ አካል የሆነች የሠራተኞች ሰፈር ናት፤ ስዋንሲም በየካቲት 1941 ሦስት ሌሊት በተከታታይ ተደብድባለች።

ብሪተን ይህን ሥራ ከእነርሱ ጋር ለዴካ ኩባንያ ቀድቶታል። እነዚህ ልጆች እንደ ላፍ የተገራ፣ የለሰለሰ ድምፅ የላቸውም። ድምፃቸው ሻካራና ደፋር ነው፤ ቃሉን ነክሰው ነው የሚያወጡት። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። በሰላም ጊዜ ቢሆን ኖሮ የታወቁት የለንደን መዘምራን ዕድሉን ይወስዱት እንደነበር መገመት አይከብድም።

የቪየና ልጆች አውስትራሊያ ቀሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከታወቀው የቪየና ልጆች መዘምራን ጋር ግን መምታታት የለበትም። ያ ቡድን ሥሩ እስከ 1498፣ እስከ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ቀዳማዊ ይደርሳል፤ በ1924 እንደገና ያቋቋሙት ቄስ ዮሴፍ ሽኒት ሲሆኑ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን በ1938 ሲይዙ ከኃላፊነታቸው አስወገዷቸው። አውስትራሊያ የቀረው የቪየና ሞዛርት ልጆች መዘምራን የተባለ ሌላ ቡድን ነው። መሪው ዶክተር ጌኦርግ ግሩበር ቀድሞ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ የሠራ ሰው ነበር።

ቡድኑ በ1939 በዓለም ዙሪያ እየተዘዋወረ ሲዘምር በመስከረም መጀመሪያ ጦርነቱ ታወጀ። ልጆቹ የነበሩት በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፐርዝ ነበር። መርከብ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲዘጋጁ፣ አገራቸው በአንድ ቀን የጠላት አገር ሆነች። ሃያ ያህል ልጆች ከወላጆቻቸው በአንድ ውቅያኖስና በአንድ ጦርነት ተለዩ። የሜልበርን ሊቀ ጳጳስ ዳንኤል ማኒክስ ተቀበሏቸው፤ ካቶሊክ ቤተሰቦች በየቤታቸው ወስደው አሳደጓቸው፤ እነርሱም በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ዘመሩ። የዛሬው የካቴድራሉ መዘምራን ቡድን መነሻውን የሚቆጥረው ከእነዚህ ልጆች ነው።

መሪያቸው ግሩበር የናዚ ደጋፊ ነው በሚል በ1941 ታሰረ፤ በ1947ም ከአገር ተባረረ። ልጆቹ ግን በዚያ ጊዜ ልጆች አልነበሩም። ድምፃቸው አንድ በአንድ ጎርንኖ፣ የመጡበት ምክንያት አልቆ፣ እንግሊዝኛ እየተናገሩ ወጣት ሆነዋል። በርካቶቹ በዚያው ቀሩ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ ስቴፋን ሃግ፣ በ1925 ቪየና ተወልዶ አውስትራሊያ ሲደርስ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ የሶፕራኖነት ዘመኑ ሊያበቃ የቀረበ። ድምፁ ሲለወጥ ባሪቶን ሆነ፤ በሜልበርን በናሽናል ቲያትር ኦፔራ ዘመረ፤ ከዚያም ወደ አዘጋጅነት ዞረ። በ1960ዎቹ የአውስትራሊያን ታላላቅ የኦፔራና የቲያትር ዝግጅቶች ይመራ የነበረው የኤልዛቤታን ቲያትር ትረስት ዋና ኃላፊ ለመሆን በቃ። በ1986 አረፈ። በመርከብ ላይ የነበረው ቀጠሮ በጥቂት ሳምንታት ቢቀድም ኖሮ ወደ ቪየና ይመለስ ነበር፤ በ1925 የተወለዱ የቪየና ወጣቶች ደግሞ በ1943 የጀርመን ጦር ልብስ የሚለብሱበት ዕድሜ ላይ ነበሩ።

በጀርመን በኩልስ? ልጆቹ በቦምብ ሞተዋል?

ሞተዋል። የድሬስደን ክሮይዝኮር፣ ማለትም የመስቀል ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቡድን ነው። በየካቲት 13 እና 14 ቀን 1945 የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ የታሪክ አጣሪዎች በኋላ እንደደረሱበት፣ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ከመዘምራኑ አሥራ አንድ ልጆች ሞቱ። ትምህርት ቤታቸው ፈረሰ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከውስጥ ተቃጥሎ ባዶ ቀረ።

የመዘምራኑ መሪ ሩዶልፍ ማወርስበርገር ከ1930 ጀምሮ በቦታው የነበረ፣ ከ1933 ጀምሮም የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው። ይህን መደበቅ አይገባም። ከድብደባው ተርፎ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ፤ በዚያ ዓመት የስቅለት ሰሞን ከሰቆቃወ ኤርምያስ ቃላት ወስዶ የመዘምራን ዜማ ጻፈ፤ ሕዝብ ሞልቶባት የነበረች ከተማ ብቻዋን ስለ መቀመጧ። እኛ በሰሙነ ሕማማት የምንሰማውን ያንኑ መጽሐፍ ነው ያነሣው፣ በዚያው በሕማማት ቀን። በነሐሴ 4 ቀን 1945 የተረፉትና አዲስ የመጡት ልጆች ጣራ በሌለው፣ በተቃጠለው ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቆመው ዘመሩት።

ፔተር ሽራየር የዚህ ታሪክ አካል ነው?

አዎን፤ ሽራየር በኋላ ታላቅ ቴነር የሆነ ጀርመናዊ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ በሰነድ የሚታወቀው የሙያ አጀማመር የእርሱ ነው። ድምፁ ከሶፕራኖ ዝቅ የሚለው አልቶ እንጂ ሶፕራኖ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥያቄው ስለሚደጋገምና ታሪኩ ስለሚገባ ከዚህ አላስቀረነውም።

በ1935 በማይሰን ተወለደ፤ ያደገው አባቱ መምህር፣ የመዘምራን መሪና ኦርጋን ተጫዋች በነበሩበት በጋወርኒትዝ መንደር ነው። ክሮይዝኮር የገባው በ1945 የበጋ ወራት፣ ድሬስደን ከተቃጠለች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ነበር። መዘምራኑ በዚያ ጊዜ እፍኝ የማይሞሉ ልጆች ነበሩ፤ የሚኖሩትም በከተማዋ ዳርቻ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ምግብ አልነበረም፣ ማገዶ አልነበረም፤ ልምምድ ግን ነበር።

ማወርስበርገር የልጁን ተሰጥኦ ወዲያው አየ። የጥንቱን ጀርመናዊ አቀናባሪ የባኽን የአልቶ ሶሎዎች ሰጠው፤ ከዚያም አልፎ ለዚያ አንድ ድምፅ ተስማሚ የሆኑ ሥራዎችን ራሱ ጻፈለት። አንድ አቀናባሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚጠፋ እያወቀ ለአንድ ልጅ ድምፅ መጻፉ ድንቅ ነገር ነው። በጦርነቱ የሞቱበትን አሥራ አንድ ልጆች ያስብ እንደነበር ለመገመት የሚያስቸግር አይመስለኝም።

ድምፁ ሲለወጥ ቴነር ሆነ። ይህ በራሱ ዕድል ነው፤ ጥሩ ልጅ ሶፕራኖ ወይም አልቶ ጥሩ ቴነር እንደሚሆን ምንም ዋስትና የለም። በ1959 በድሬስደን ኦፔራ በቤትሆቨን ፊዴሊዮ በትንሽ ገጸ ባሕርይ ጀመረ፤ የአንድ እስረኛ ድርሻ ነበረው። በ1963 ወደ በርሊን ስቴት ኦፔራ ተዛወረ። ከዘመኑ ታላላቅ የሞዛርትና የባኽ ዘማሪዎች አንዱ ሆኖ እስከ 2005 ዘመረ፤ በ2019 የገና ዕለት በድሬስደን አረፈ።

ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት የመዘምራን ልጆች ወደ ጦር ሜዳ ሄደዋል?

ሄደዋል። በዚያው በክሮይዝኮር ከ1937 ጀምሮ የዘመረው ቴኦ አዳም በ1944 አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለጦር ኃይሉ ተመለመለ። እርሱ ተርፎ ተመለሰ፤ በ1949 በድሬስደን ኦፔራ ጀመረ፣ በኋላም በባይሮይት የዋግነር ሥራዎች የታወቀ ቤዝ ባሪቶን ሆነ። ያልተመለሱት ግን ድምፃቸው እንኳ የተቀዳ አይደለም።

ረሃብ የድምፅን መጎርነን ያዘገያል የሚባለው እውነት ነው?

በመረጃ የተደገፈ ነው። ድምፅ የሚጎረንነው በጉርምስና ጊዜ ማንቁርት ሲያድግና የድምፅ አውታሮች ሲረዝሙና ሲወፍሩ ነው፤ የወንድ ልጅ ድምፅ አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ እርከን) ያህል ይወርዳል። ጉርምስና መቼ እንደሚጀምር ደግሞ ምግብ ይወስናል። በ1970 የታተመ ጥናት በላይፕዚግ በባኽ ሥር የዘመሩ ልጆችን መዝገብ መርምሮ፣ በዚያ ዘመን ድምፅ የሚለወጠው በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ እንደነበር አሳይቷል። በ1740ዎቹ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽነት ጦርነት ከተማዋን ሲያስጨንቅ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ዘገየ። ስለዚህ አንድ በጦርነት ዘመን የኖረ ልጅ በአሥራ አምስት ወይም በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሶፕራኖ ሲዘምር ብታገኙ "ተአምር" ከማለታችሁ በፊት ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁ።

ሴቶች ልጆችስ ለምን በዚህ ገጽ የሉም?

የካቴድራል መዘምራን በዚያ ዘመን ወንዶችን ብቻ ይቀበሉ ስለነበር ነው፤ በእንግሊዝ የሳልስበሪ ካቴድራል የልጃገረዶች መዘምራን ያቋቋመው በ1991 ነው። ከካቴድራል ውጭ ግን እንግሊዛዊቷን ዘፋኝ ፔትዩላ ክላርክን ማንሣት ተገቢ ነው። በጥቅምት 1942፣ አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ በውጭ አገር ለሚያገለግል አጎቷ በሬዲዮ ሰላምታ ለመላክ ከአባቷ ጋር ወደ ቢቢሲ ዝግጅት ሄደች። የአየር ጥቃት ሥራውን አስቆመው፤ አዘጋጁ የተሰበሰበውን ሰው የሚያረጋጋ ዘማሪ ሲፈልግ እርሷ ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወታደሮች ደጋግማ ዘመረች፤ በ1960ዎቹም የዓለም ዝነኛ ሆነች። የሴት ልጅ ድምፅ በጉርምስና ጥቂት ብቻ ስለሚወርድ፣ በዘጠኝ ዓመቷ የጀመረችውን መንገድ ሳትቀይር መቀጠል ቻለች። ለወንዶቹ ይህ አልተሰጠም።

ልጆቹ ለፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ሆነዋል ማለት ይቻላል?

ይቻላል፤ በሁለቱም ወገን። የልጅ ድምፅ ንጽሕናን ያስታውሳል፤ ንጽሕና ደግሞ በጦርነት ጊዜ ሁሉም መንግሥት ለራሱ የሚፈልገው ነገር ነው። ናዚዎች የመዘምራን ቡድኖችን የጀርመን ባህል ጌጥ አድርገው አሳይተዋል፤ እንግሊዞችም ከፍርስራሽ መካከል የሚወጣ መዝሙር እስከ ማዶ አገር ድረስ እንዲሰማ ፈልገዋል። ሁለቱን እኩል አላደርግም፤ የቆሙለት ዓላማ እኩል አልነበረምና። ነገር ግን በማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ልጅ በለንደንም በድሬስደንም ያው ልጅ ነው፤ ብርዱና ፍርሃቱ አንድ ነው፤ መዝሙሩን እንጂ ፖለቲካውን አልመረጠም። ስለዚህ ሥርጭቶቹን ስንሰማ አዋቂዎቹ ለምን እንደፈለጉት እንወቅ፤ ልጆቹን ግን በሥራቸው እንመዝናቸው። ብዙዎቹ ድንቅ ሙዚቀኞች ነበሩ።

ከየት ልጀምር? ምን ላዳምጥ?

በላፍ የ1927 ሸክላ ጀምሩ፤ የጦርነቱ ዘመን ልጆች ሁሉ ሲሰሙት ያደጉት ድምፅ ነውና። ቀጥሎ የሞሪስተን ልጆች ከብሪተን ጋር የቀዱትን አዳምጡ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የአነጋገርና የድፍረት ልዩነት ልብ በሉ። ከዚያ የማወርስበርገርን የሰቆቃወ ኤርምያስ ዜማ ክሮይዝኮር በኋላ ዘመን ከቀዳቸው ቅጂዎች በአንዱ ፈልጉ፤ ጽሑፉን ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጎን አድርጋችሁ ብትከታተሉት ጀርመንኛ ሳታውቁ እንኳ የትኛው ጥቅስ ላይ እንዳለ ትለዩታላችሁ። የቆዩ ሸክላዎችን ቅጂ ስትሰሙ የጀርባው ኩሽኩሽታ እንዲጠፋ ድምፁን በማጣሪያ አታጥቡት፤ የልጅ ሶፕራኖ ድምፅ ከፍተኛው ክፍል ከኩሽኩሽታው ጋር አብሮ ይሄዳልና ሁለቱን አብራችሁ ታጡታላችሁ።